ዳይሱን ለንቦቹ ስጡ

በምናባዊ ጨዋታዎች ዓለም እንደ ንብ ማነብ የቀለለ ሙያ አላየሁም። ማይንክራፍት ላይ ንብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ነው። ከቀፎው ሥር እሳት ካነደድክ ንቦቹ ጭጭ ይላሉ፤ ከዚያ በመቀስ ሰፈፉን ትቆርጣለህ፣ ወይም ማሩን በጠርሙስ ትቀዳለህ። ስታርዲው ቫሊ ላይ ጭራሽ የሚናደፍ ንብ የለም። ቀፎውን አበባ አጠገብ ታስቀምጥና በየአራት ቀኑ ማር ታነሳለህ፤ የበረዶው ወቅት ሲገባ ብቻ ይቆማል። የማይንክራፍቱን ጢስ አልነቅፍም። የተቆጣች ንብ የምትረጨው የማስጠንቀቂያ ሽታ የበሰለ ሙዝ ይሸታል፤ ጢስ ያንን ሽታ ይሸፍነዋል። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ይህችን አውቀዋታል።

እኔ የንብ ሀብት ባለሙያ ነኝ፤ ጨዋታው ውስጥ የገባሁት በእህቴ ልጅ በኩል ነው። ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከበው ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ይጫወታሉ፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡትን ጨዋታ። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ የጨዋታው መሪ ታሪኩን ይነግራል፣ አጠራጣሪ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። መሪው የእህቴ ልጅ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ጎራዴውን ጥሎ ንብ አናቢ ልሁን አለና፣ «ጋሼ፣ ንብ አናቢ ምን ምን መቻል አለበት?» ብሎ መጣ።

መጽሐፉን አየሁት። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ እትም 18 ክህሎቶች አሉት፤ ንብ ማነብ ከነሱ ውስጥ የለም። የሚቀርበው የእንስሳት አያያዝ የሚባለው ነው። በዚህ ከሄድን ተጫዋቹ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ይጥላል፣ የችሎታውን ነጥብ ይደምራል፤ 15 ከሞላ ማሩን ቆረጠ፣ ካልሞላ ተነደፈ። (በዚያው ጨዋታ የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ የነፍሳት መንጋ 22 የሕይወት ነጥብ ተሰጥቶት በጎራዴ ይመታል። ንብን በጎራዴ የሚመታ ሰው ለማየት እኔም ገንዘብ እከፍላለሁ።)

ችግሩ መነደፍ ውድቀት አለመሆኑ ነው። እኔ እየተነደፍኩ ነው ደሞዜን የምበላው። ማር መቁረጥም ብቻውን ሙያ አይባልም፤ ጢስና ድፍረት ያለው ሌባ ይቆርጠዋል። ሙያው ያለው ቀፎው ከመከፈቱ በፊት ነው።

የእነዚህ ጨዋታዎች ዓለም የተቀዳው ባብዛኛው ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ነው። ፍሬሙ እየተነሳ የሚታይ ቀፎ ግን ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው፤ ላንግስትሮዝ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። ስለዚህ የዚያ ልጅ ገጸ ባሕርይ ቀፎውን ከፍቶ ፍሬም አንስቶ እንቁላል መፈለግ አይችልም። ቀፎው እንደኛ አገር ባህላዊ ቀፎ ዝግ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አለበት። እኔ ደግሞ ይህን ሲሠሩ ያየኋቸው ሰዎች አሉ። ከሸምበቆ ተሠርቶ በእበት የተመረገ ቀፎ አጠገብ አንድ አዛውንት አናቢ ሲቆሙ መጀመሪያ የሚያዩት መግቢያውን ነው። የሚገቡት ንቦች እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት ከያዙ ውስጥ የሚቀለብ እጭ አለ ማለት ነው። ድንጉላዎቹ እየተጎተቱ ከተጣሉ ቀለብ አጥሯል። ከዚያ የቀፎውን የኋላ ጫፍ በእጃቸው ትንሽ ከፍ ያደርጉታል፤ ማሩ የሚከማቸው ወደ ኋላ፣ እጩ ወደ መግቢያው ስለሆነ ክብደቱ ይናገራል። ቀጥሎ በጣታቸው አንጓ አንዴ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። አውራ ያለው ቀፎ እምም ብሎ ወዲያው ዝም ይላል። አውራውን ያጣ ግን እንደ ለቅሶ ያለ ረዥም ድምፅ ያወጣል፤ ቶሎ አይበርድም።

እንግዲህ ለእህቴ ልጅ ያልኩት ይህን ነው፦ ዳይሱ ማር አይስጥ፣ ጥያቄ ይስጥ። ተጫዋቹ ቀፎ አጠገብ ሲደርስ ይጣል፤ ጥሩ ከወጣለት መሪውን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ይጠይቅ። አውራ አለች ወይ? ማሩ ስንት እንጀራ ይሆናል? ጉንዳን ወይም የሰም ትል ገብቷል ወይ? መጥፎ ከወጣለት አንድ ብቻ፤ ምንም የሚባል ግን አይኑር፤ ምክንያቱም ዓይን ያለው ሰው አንድ ነገር ማየቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ተጫዋቹ ራሱ ይወስን። እዚህ ላይ ዳይስ አያስፈልግም፤ ስግብግብነት ነው የሚፈተነው።

ሁለተኛውን ዳይስ መሪው በድብቅ ይጥለው፤ ያ የንቦቹ ዳይስ ነው። የአውሮፓ ንብ ብትበደልም ባብዛኛው ቤቷን ይዛ ትሞታለች። የእኛ ንብ ግን ትኮበልላለች። ከጥቅምትና ከኅዳር ቆረጣ በኋላ ጭራሹን ባዶ ያስቀሩት፣ እጩን ከማሩ ጋር የቆረጡት፣ ጉንዳን የደረሰበት ቀፎ አበባ ሲጠፋ ጥሎ ይሄዳል። ሲሄድም በአንድ ቀን አይደለም። አውራዋ እንቁላል መጣሏን ትቀንሳለች፣ ዱቄት የሚያመጡት ይጠፋሉ፣ የቀረችው ማር ለመንገድ ትበላለች። ይህን ሁሉ መግቢያው ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ለሚመላለስ ሰው። ስለዚህ ተጫዋቹ የቆረጠው እንጀራ በበዛ ቁጥር የድብቁ ዳይስ ይክፋ፤ ውጤቱም ያን ቀን አይነገር።

«ጋሼ፣ ልጆቹ የመጡት ዘንዶ ሊገድሉ ነው፤ ንብ ሲጠብቁ አይውሉም» አለኝ። እውነት ነው፤ ግን በጨዋታ ውስጥ ጊዜ ርካሽ ነው። መሪው «ሦስት ወር አለፈ» ካለ ሦስት ወር አለፈ። እኔ ገበሬውን አሳምኜ ግማሹን ማር ካስተውኩ በኋላ ልክ መሆኔን ለማወቅ እስከሚቀጥለው አበባ እጠብቃለሁ።

ሩንክዌስት የሚባል እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ሌላ ጨዋታ አለ፤ ከእሱ አንድ ነገር እንዲዋሱ ነግሬዋለሁ። እዚያ ክህሎት የሚያድገው በመሥራት ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ማደጉ ይከብዳል። ደስ ይላል። እኔ ብሆን ግን ማር በቆረጠ ቀን ነጥብ አልጨምርለትም። ተመልሶ መጥቶ ግምቱ የት ላይ እንደሳተ ወይም እንደያዘ ሲያይ ያኔ ይጨመርለት።

ገበያውንም መርሳት የለባቸውም። መብራት በሌለበት ዓለም ሰም ገንዘብ ነው፤ ጧፍ የሚገዛ ቤተ መቅደስ ሁሉ ደንበኛ ይሆናል። ጫካው የማነው የሚለው ደግሞ ለብቻው ጠብ ያስነሳል። እ.ኤ.አ. በ1217ቱ የእንግሊዝ የደን ቻርተር ላይ ነፃ ሰው በገዛ ጫካው የተገኘው ማር የራሱ እንዲሆን ተጽፏል፤ እንዲህ ዓይነቱ ነገር በሕግ የሚጻፈው ቀድሞ የሚወስድበት ሰው ስለነበረ ነው። ዘንዶ ካጡ ይህ ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ላይ ገና አልተስማማንም። በዚያው መጽሐፍ ከእንስሳት ጋር የሚያነጋግር ድግምት አለ፤ በመጀመሪያ ደረጃ ያለ ድግምተኛ የሚችለው፣ 10 ደቂቃ የሚቆይ። የእህቴ ልጅ ይህ ድግምት የአናቢውን ሙያ ገደል ይከተዋል ባይ ነው፤ ቀፎውን ከማንኳኳት ንቧን መጠየቅ! ድግምቱ ለነፍሳትም ይሠራ ብሎ ከፈቀደ እኔ አልከለክልም። አንዷን ሠራተኛ ንብ ይዞ አበባው የት እንደሆነ ቢጠይቃት አቅጣጫውንም ርቀቱንም በትክክል ትነግረዋለች፤ ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ኖቤል ከተሸለመባቸው ሥራዎች አንዱ ይህን በጭፈራዋ እንደምትናገር ማሳየቱ ነው። ማሩ ይበቃችኋል ወይ፣ ልትሄዱ ነው ወይ ቢላት ግን የምትመልሰው የላትም። መንጋ ሲወጣ እንኳ አዲሱን ቤት የሚመርጡት ጥቂት መቶ ቃኚዎች ናቸው፤ የቀሩት ሺዎች ሲነሱ አብረው ይነሳሉ።