የሐጃጆች ሐዲድ ለብስክሌተኞች የሚያቆየው መንገድ

የዮርዳኖስ ርዕሰ ከተማ አማን በኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ጀበል አማን፣ ጀበል አል-ሑሴን፣ ጀበል አል-ለዊብዳ እየተባለ የሰፈሩ ስም ሁሉ በተራራ ይጠራል። አንዱን ዳገት የጨረሰ እግረኛ ሌላ ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ ጎዳናዎቿም በመኪና የተጨናነቁ ናቸው። ስለዚህ በአማን ብስክሌት መንዳት ጉልበትንም ድፍረትንም የሚጠይቅ ነገር ሆኖ ቆይቷል።

ሆኖም ዳገቱን ያቃለለ፣ መኪናም የማይሄድበት አንድ መስመር ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። እርሱም ከመቶ ዓመት በፊት የተዘረጋው የሒጃዝ የባቡር ሐዲድ ነው። የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መሐንዲሶቹ ሸለቆውን ተከትለው፣ ኮረብታውን ዞረው፣ ከፍታው በ100 ሜትር ርቀት በአብዛኛው ከ2 ሜትር እንዳይበልጥ አድርገው ሠሩት። እንዲህ ያለው ልከኛ ዳገት ለብስክሌተኛም ምቹ ነው።

የሐዲዱን ሥራ በ1900 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያስጀመሩት ሱልጣን አብዱልሐሚድ 2ኛ ነበሩ። ዓላማው የሐጅ ተጓዦችን ከደማስቆ ወደ መዲና ማድረስ ሲሆን፣ ለሥራው ከሕንድ፣ ከግብጽና ከሌሎችም አገሮች ሙስሊሞች ገንዘብ አዋጥተዋል። ባቡሩ በ1903 አማን፣ በ1908 ደግሞ መዲና ደረሰ። በግመል ቅፍለት ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ሐዲዱ በየቦታው ፈረሰ፤ ከመዓን በስተደቡብ ያለው ክፍልም ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ ሳይመለስ ቀረ። በመዲና የነበረው ጣቢያ ዛሬ ሙዚየም ነው። በአማን ግን ሐዲዱም ጣቢያውም አሉ። በጣቢያው ዙሪያ ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ ስሙ «አል-መሐጣ»፣ ማለትም «ጣቢያው» ነው።

ከዚህ ጣቢያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሐዲዱ ሸለቆውን ተከትሎ በሩሰይፋ በኩል ወደ ዘርቃ ይወርዳል፤ ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ይህ የዮርዳኖስ ኢንዱስትሪ ጠባሳውን የተወበት አካባቢ ነው። በሩሰይፋ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የፎስፌት ድንጋይ ይወጣ ነበር። ማዕድን ማውጫው በ1980ዎቹ ሲዘጋ ሠራተኛውና መኪናው ሄዱ፤ የተቆፈረው አፈር ግን በከተማው መካከል ተከምሮ ቀረ። መኖሪያ ቤቶችም ዙሪያውን ከበቡት።

ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር በበኩሉ ባለ አሥር ቅስት በሆነው የድንጋይ ድልድይ ላይ አልፎ ቀስ በቀስ ወደ አምባው ይወጣና ወደ ጂዛ ያመራል። በዚህ መስመር ለመዝናኛ የሚወጡ ቤተሰቦችን የጫነ ባቡር ይጓዛል። እንግዲህ ሐዲዱ ገና አልሞተምና ነቅሎ ብስክሌት ይነዳበት የሚል አሳብ ተገቢ አይሆንም። የሚበጀው በሐዲዱ አጠገብ፣ በአጥር የተለየ የጎን መንገድ መሥራት ነው።

አሮጌ ሐዲድን ለብስክሌት ማዋል በሌላው ዓለም የተፈተነ ነገር ነው። በእንግሊዝ ከብሪስቶል ወደ ባዝ ይሄድ የነበረው ባቡር ከቆመ በኋላ፣ ከ1979 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት መስመሩ ላይ 21 ኪሎ ሜትር የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ተሠራበት። ስፔን በ1993 በጀመረችው ሥራ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተተወ መስመር «አረንጓዴ መንገድ» አድርጋለች። በጀርመን ኤሰን ከተማ ደግሞ በ1986 የተዘጋው የጾልፈራይን የከሰል ማዕድን በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከሰል ይመላለስባቸው የነበሩ ሐዲዶችም ዛሬ ብስክሌተኞች የሚንሸራሸሩባቸው ሆነዋል። አማን ራሷም አሮጌን ለአዲስ ማዋልን ታውቅበታለች፤ በራስ አል-ዐይን የነበረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ አዳራሽ የሥነ ጥበብ ማሳያ ሆኖ ያገለግላል።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ የአሮጌው መስመር መሬት ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ እንደ አማን ሁሉ እዚያም ይነሣል።

በአማን ግን ጥያቄው ሌላም ክብደት አለው። የሒጃዝ ሐዲድ በሙስሊሞች መዋጮ የተሠራ ስለሆነ ንብረቱ ወቅፍ ነው። ወቅፍ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ መሠረቱ ተጠብቆ ጥቅሙ ለሕዝብ ይውላል። የጎን መንገዱ መሬቱን ከባለቤትነቱ ሳያወጣ ለተማሪ፣ ለሠራተኛና ለአቅመ ደካማ የሚጠቅም ከሆነ ከዚህ መንፈስ ጋር አይጋጭም። ያም ቢሆን ውሳኔው የወቅፉ አስተዳዳሪዎችና የሕግ ሊቃውንት እንጂ የመንገድ መሐንዲስ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ሌላው ጥንቃቄ ጤና ነው። የፎስፌት ድንጋይ በተፈጥሮው መጠነኛ ዩራኒየም ይይዛል። ብስክሌተኛ ደግሞ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ አቧራውን ከሌላው መንገደኛ አብልጦ ይስባል። ስለዚህ በሩሰይፋ በኩል መንገድ ከመዘርጋቱ በፊት አፈሩ መለካት፣ ክምሩ በንጹሕ አፈርና በተክል መሸፈን ይኖርበታል። ይህ ከተደረገ ተጠቃሚው ብስክሌተኛው ብቻ ሳይሆን በክምሩ ሥር የሚያድገው ሕፃንም ይሆናል።

በአማንና በዘርቃ መካከል ከ2024 ጀምሮ ፈጣን የአውቶቡስ አገልግሎት አለ። የጎን መንገዱ ቢሠራ ብስክሌቱ ሰውን ከቤቱ እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ያደርሳል፤ ሁለቱም ይደጋገፋሉ። ወጪውም ቢሆን አዲስ አውራ ጎዳና ከመክፈት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከባዱን ሥራ፣ ተራራውን የመቁረጡንና ሸለቆውን የመሙላቱን ሥራ፣ የቀደሙት ሠራተኞች ጨርሰውታልና።

የማይጠብቀው መሬቱ ነው። ቤቶች ወደ ሐዲዱ እየተጠጉ፣ ዳርቻው እየጠበበ ነው። ባቡር የቆመበት መስመር ሐዲዱ ቢዝግ ሊታደስ ይችላል፤ ዳርቻው በግንብ ከተያዘ ግን ያን ልከኛ ዳገት በኮረብታማዋ ከተማ ውስጥ ዳግመኛ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ መንገዱ ዛሬ ባይሠራ እንኳ ቦታው ዛሬ ሊከበር ይገባል።