የእጅ ስልክና የሰውነት ጤንነት በጅቡቲ ከተማ

ጅቡቲ ከተማ ከቀትር በኋላ ጸጥ ትላለች። በክረምቱ ወራት የጥላው ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን፥ በማለዳ ሥራውን የጀመረው ሠራተኛ ወደ ቤቱ ይገባል። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫትም ወደዚሁ ሰዓት ገደማ ለገበያ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ መጠጥ እየጠጡ እስከ ምሽት ተቀምጠው ይጫወታሉ። የወዳጅነት ልማድ ስለ ሆነ ለመንቀፍ አንቸኩልም፤ ይሁን እንጂ ሰውነት ያን ያህል ሰዓት ሳይንቀሳቀስ መዋሉን በዝምታ ልናልፈው አይገባም።

ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚሉት ሁኔታ በእንዲህ ያለው ኑሮ ውስጥ ያድጋል። ምልክቶቹ አምስት ናቸው፤ እነርሱም የወገብ መስፋት፥ የደም ግፊት ከፍ ማለት፥ በባዶ ሆድ በተለካ ደም ውስጥ የስኳር መብዛት፥ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ መብዛትና የጠቃሚው ኮሌስትሮል ማነስ ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ የተገኙበት ሰው ይህ ሁኔታ አለበት ይባላል። ለአፍሪካውያን ወገን የተመከረው የወገብ ወሰን ለወንድ 94፥ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ክፋቱ አለማሳመሙ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቀው ወደ ስኳር በሽታና ወደ ልብ ሕመም ሊያደርሰው ይችላል።

የመጀመሪያው መድኃኒት አኗኗርን ማሻሻል ነው። ነገር ግን ስንት እንደ ተራመደና ስንት ማንኪያ ስኳር እንደ ወሰደ የሚቈጥር ሰው ጥቂት ነው። የእጅ ስልክ የሚረዳን በዚህ ነው፤ የሐኪምን ቦታ ባይተካም፥ ታማኝ ጸሐፊ ሊሆነን ይችላል።

በስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ በመጀመሪያ እርምጃን ይቈጥራል። በጃፓን አገር እ.ኤ.አ. በ1965 ማንፖኬይ የሚባል በወገብ የሚታሰር መቍጠሪያ ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ ትርጓሜውም «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ የሚሄድ ሰው 3,000 ያህል እርምጃ ይራመዳል፤ ይህንም በሳምንት አምስት ቀን ቢያደርግ ምክሩን ፈጸመ ማለት ነው። በጅቡቲ ሙቀት ይህ የሚመቸው ጎሕ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ብዙ ሰው ዛሬም የምኒልክ አደባባይ ከሚለው ከ27 ጁን አደባባይ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ዳር መሄድ ለሰውነትም ለመንፈስም ደስ ያሰኛል።

ሁለተኛው አገልግሎት የሚበላውንና የሚጠጣውን መመዝገብ ነው። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣ ሰው በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምር፥ ድምሩ 15 ማንኪያ ወይም 60 ግራም ያህል ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን ግን በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ነው፤ ከ25 ግራም ባይበልጥ ደግሞ ይመረጣል። ይህን ድምር በዓይኑ ያየ ሰው አንድ ማንኪያ ለመቀነስ ብዙ ክርክር አያስፈልገውም።

ሦስተኛው የደም ግፊትን መመዝገብ ነው። ግፊቱን የሚለካው በክንድ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ነው፤ ስልኩ ቍጥሩን ከነቀኑ ያስቀምጣል፥ ሕመምተኛውም ለሐኪሙ ያሳያል። ቍጥሩ መልካም ሆነ ብሎ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቆም ግን አደጋ ነው።

ብዙ ሰዎች መተግበሪያውን በጉጉት ጀምረው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይተዉታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፥ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ምግባቸውን አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ ሲንቀሳቀሱ፥ በበሽታው የመያዛቸው አደጋ ከመቶ 58 እጅ ቀንሷል። ያበረታቸው ግን ስልክ አልነበረም፤ በየጊዜው የሚያነጋግራቸው መካሪ ሰው ነበር። በሴኔጋልም እ.ኤ.አ. በ2014 በረመዳን ጾም ለስኳር ሕሙማን በስልክ አጫጭር ምክሮች ተልከው ነበር፤ ምክር በጊዜው ሲደርስ ይሰማልና።

ስለዚህ ስልኩ ይቍጠር፥ ቤተ ሰቡ ደግሞ ያበርታ። ማታ ማታ ልጆች «አባባ፥ ዛሬ ስንት ተራመድህ?» ቢሉ፥ ባልና ሚስትም ስኳሩን አብረው ቢቀንሱ፥ የተጀመረው ነገር አይቋረጥም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።