የ1964ቱ የትምህርት ጥናት ለምን ሳይሠራበት ቀረ?

አንድ ድኻ አገር የትምህርት ሥርዓቱን ለማሻሻል በሚነሣበት ጊዜ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ገንዘቡንና መምህራኑን ቈጥሮ ያለው ሀብት ለስንት ልጆች እንደሚበቃ ማስላት ነው። ሁለተኛው የተሰላውን ነገር ልጁን ለሚሰጠው ወላጅና ልጁን ለሚያስተምረው መምህር ማስረዳት፣ ፈቃዳቸውንም ማግኘት ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ምን እንደሚደርስ ለመረዳት ወደ ሌላ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ በ1964 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገውና በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው የትምህርት ጥናት በቂ ምሳሌ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥናቱ ከምን እንደ ተነሣ፣ ምን ምክር እንዳቀረበ፣ ለምንስ ሳይሠራበት እንደ ቀረ እንመለከታለን። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተገለጠ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. የጥናቱ መነሻ

ዘመናዊ ትምህርት በአገራችን ሲጀመር ዋና ዓላማው ለመንግሥት ሥራ የሚሆኑ ሰዎችን ማውጣት ነበር። የዳግማዊ ምኒልክና የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙት የውጭ አገር ቋንቋ የሚያውቁና ዘመናዊ አስተዳደር የሚያካሂዱ ሰዎች በማስፈለጋቸው ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ሲከፈቱም የሚጠበቅባቸው ይኸው ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ የጐደለው ሰው ብዙ ስለ ነበረ ጥቂት ክፍል የተማረ ሁሉ ሥራና ደመወዝ ያገኝ ነበር። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አነጋገር በሕዝቡ ዘንድ የጸናውም ትምህርት የሰውን ኑሮ ሲለውጥ በዐይን ስለ ታየ ነው።

ነገር ግን ይህ ትምህርት የሚገኘው በአብዛኛው በከተማ ነበር። በ1940 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ መሠረት በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ይሁን እንጂ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠሩት በትልልቅ ከተሞች ስለ ሆነ፣ ግብሩ ከእርሻው ከሚወጣው ገበሬ ልጆች እጅግ የሚበዙት የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ ያድጉ ነበር። ከጠቅላይ ግዛት ወደ ጠቅላይ ግዛትም ልዩነቱ ሰፊ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ሸዋና ኤርትራ ከሌሎቹ የበለጠ ድርሻ ነበራቸው።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዘጋጅነት የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ። ጉባኤው እስከ 1980፣ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ድረስ የአፍሪካ ልጆች ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ ግብ አቆመ። ለጉባኤተኞቹ የቀረበው የየአገሩ አኀዝ ግን አስተናጋጂቱ ኢትዮጵያ ከቅኝ ግዛት ገና ከወጡት አገሮች ከብዙዎቹ ወደ ኋላ መቅረቷን አሳየ። ከዚህ በኋላ በ1956 ዓ.ም. ትምህርቱ ስድስት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ ተደለደለ፤ አማርኛም እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ይህ አማርኛ ለሚናገረው ልጅ ከእንግሊዝኛ የቀለለ ነበር፤ አማርኛን መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ለሚሰማው ልጅ ግን እንደ ቀድሞው በማያውቀው ቋንቋ መማር ነበር።

የተማሪው ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት ቢጨምርም ሁለት ችግሮች አብረው አደጉ። በአንድ ወገን የገጠሩ ልጅ ከትምህርት ውጭ እንደ ሆነ ቀረ። በሌላ ወገን 12ኛ ክፍል ጨርሶ፣ ዩኒቨርሲቲም ሳይገባ፣ ሥራም ሳያገኝ በከተማ የሚንከራተት ወጣት በዛ። ትምህርቱ ለቢሮ ሲያዘጋጀው ቢሮው ሞልቶ ነበር፤ ወደ አባቱ እርሻ እንዳይመለስ ደግሞ ትምህርቱ ለእርሻ አላዘጋጀውም።

ለ. የጥናቱ ምክር

ጥናቱ የተጀመረው በጥቅምት 1964 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ባለሥልጣኖች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ከውጭ አገር የመጡ ባለሙያዎች በልዩ ልዩ ቡድን ተከፋፍለው ሠሩት። ለትምህርት ሥራ ከዓለም ባንክ ብድር ይወሰድ ስለ ነበረ የወጪው ጉዳይ በጥናቱ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ነበረው።

የምክሩ ዋና ነጥቦች እነዚህ ነበሩ። የመጀመሪያው ትምህርት አራት ዓመት ሆኖ ለሕፃናት ሁሉ ቀስ በቀስ እንዲዳረስ፤ በልጅነታቸው ሳይማሩ ላለፉ ወጣቶች የሁለት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ፤ ገበሬው ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ዕደ ጥበብ የሚማርባቸው ማዕከሎች በየአካባቢው እንዲቋቋሙ፤ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚስፋፋበት ፍጥነት ግን እንዲገታ። ወጪውን ለመቀነስ በአንድ ክፍል የሚማሩት ልጆች ቍጥር እንዲጨምርና የመምህራን ደመወዝ ዕድገት እንዲወሰን ታሰበ።

የዚህን ሐሳብ ስሌት በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ወረዳ ሃያ ልጆችን ስድስት ስድስት ዓመት ለማስተማር የሚበቃ ገንዘብ አለው እንበል። ይህ 120 የትምህርት ዓመት ማለት ነው። ትምህርቱ አራት ዓመት ብቻ ቢሆን በዚያው ገንዘብ ሠላሳ ልጆች ይማራሉ። አንዱ መምህር አርባ ልጆች በማስተማር ፈንታ ስድሳ ቢያስተምር ደግሞ ሠላሳው አርባ አምስት ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሳንቲም ሳይጨመር የተማሪው ቍጥር ከዕጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በሂሳብ ረገድ ይህን መንቀፍ ያስቸግራል። ከፍትሕም ወገን ቢታይ ብዙ ገንዘብ ለጥቂቶች ከሚወጣ ጥቂት ጥቂት ለሁሉ ቢዳረስ የተሻለ ነው የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው።

ሐ. ወላጁና መምህሩ እንዴት እንደ ሰሙት

ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. ቢያልቅም ለሕዝብ ሳይገለጥ እስከ 1966 ዓ.ም. ቆየ። በዚህ መካከል ወሬው ከሰነዱ ቀድሞ ወጣ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነውና፣ የተሸሸገ ነገር ሁሉ ክፉ ነው ተብሎ ተጠረጠረ። ጊዜውም የከፋ ነበር፤ የወሎ ረኃብ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር፣ የነዳጅ ዋጋ ጨምሮ ነበር፣ በጥር ወር በነገሌ ቦረና ወታደሮች አምፀው ነበር።

ወላጁ የሰማው «ለሁሉ አራት ዓመት» የሚለውን ሳይሆን «የድኻ ልጅ ከ4ኛ ክፍል አያልፍም» የሚለውን ነው። ይህ አስተያየት ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። የጥናቱ ሰዎች የቈጠሩት ስንት ልጆች እንደሚማሩ ነው፤ ወላጁ የሚቈጥረው ግን ትምህርቱ ልጁን የት እንደሚያደርሰው ነው። ገበሬ ልጁን ትምህርት ቤት በሚልክበት ጊዜ እረኛውን ያጣል፤ ይህን የሚታገሠው አንድ ቀን ደመወዝተኛ ልጅ ይጦረኛል በሚል ተስፋ ነው። አራት ዓመት ተምሮ የሚገኝ ደመወዝ ደግሞ እንደሌለ ያውቃል። ባለጸጋው በበኩሉ ልጁን በግል ትምህርት ቤት አስገብቶ እስከ መጨረሻው ማስተማር ስለሚችል፣ አጥሩ የሚታጠረው በማን ላይ እንደ ሆነ ለማንም ግልጥ ነበር።

መምህሩም የራሱ ቅሬታ ነበረው። ተጨማሪ ተማሪ እንዲያስተምር ሲጠየቅ ደመወዙ ግን እንዲገታ ታሰበ። በየቀበሌው ሄዶ ሐሳቡን ለወላጆች ማስረዳት የሚችል ሰው ከመምህሩ የተሻለ አልነበረም፤ ጥናቱ ግን ይህንን ሰው ከመጀመሪያው ተቃዋሚ አደረገው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አባሎች ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በነዳጁ ዋጋ ምክንያት በዚያው ቀን አደሙ። ተማሪዎች ተከተሉ። መንግሥት የጥናቱን ሥራ ላይ መዋል በጥቂት ቀናት ውስጥ አቆየው፤ ወሩ ሳይፈጸም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ጥናቱም አብሮ ተረሳ።

እዚህ ላይ ሳንመለከተው ማለፍ የማይገባን አንድ ነገር አለ። በከተማ አደባባይ ስለ ድኻው ገበሬ ልጅ የጮኹት መምህራን፣ ተማሪዎችና የከተማ ወላጆች ናቸው፤ ገበሬው ራሱ በጥናቱም ሆነ በተቃውሞው አልተጠየቀም። ጥናቱ በመቅረቱ የከተማው ልጅ መንገድ እንደ ተከፈተ ቆየ፤ የገጠሩ ልጅ ግን አራቱንም ዓመት ሳያገኝ ቀረ።

መ. ከዚያ ወዲህ

የመሠረታዊ ትምህርት ሐሳብ ግን አልሞተም። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጊዜ ብዛት በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ በ1980፣ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። በዘመቻው ግዴታ እንደ ነበረበት አይካድም፤ ቢሆንም የማንንም ልጅ መንገድ የሚዘጋ ስላልነበረ እንደ 1964ቱ ጥናት ያለ ጥርጣሬ አላስነሣም። ከዚያም የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃውን ስምንት ዓመት አድርጎ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። በሚቀጥሉት ዓመታት ለብዙ ዘመን ከትምህርት ውጭ የነበረው የገጠር ልጅ በብዛት ትምህርት ቤት ገባ።

ነገር ግን የብዛቱ ጥያቄ ሲመለስ የጥራቱ ጥያቄ በቦታው ተተካ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በዚያው ዓመት የወጣው አዲስ ፖሊሲ ትምህርቱን ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመት አድርጎ ደልድሎታል፤ ይህም በ1956 ዓ.ም. የነበረው ድልድል መሆኑ ነው። የክፍሎቹን አከፋፈል መለዋወጥ ብቻውን ትምህርትን እንደማያሻሽል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው የ1964ቱ ጥናት የወደቀው ስሌቱ ስለ ተሳሳተ አይደለም። ስሌቱ ለሁለት ዓመት ያህል ከሚመለከታቸው ሰዎች ተሰውሮ ስለ ቆየ፣ ሸክሙ በድኻውና በመምህሩ ላይ ብቻ ስለ ተጫነ፣ 4ኛ ክፍልን ለጨረሰ ልጅም ቀጥሎ የሚሄድበት መንገድ በግልጥ ስላልታየ ነው። ስለዚህ ማናቸውም የትምህርት ማሻሻያ በሚቀርብበት ጊዜ፣ ስንት ልጆች ይማራሉ ከሚለው ጥያቄ ጋራ ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ አለባቸው፤ ትምህርቱን የጨረሰው ልጅ የት ይደርሳል? የቍጠባው ሸክም በማን ላይ ይወድቃል? መምህሩና ወላጁስ ሐሳቡን የሚሰሙት ከመወሰኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ዕቅድ፣ አኀዙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከወረቀት አልፎ ክፍል ውስጥ አይገባም።