441 ማነው?

ማስ ዲቴክተር ከተገጠመለት ኤችፒኤልሲ ጋር በተዋወቅሁ ሰሞን፣ የሌለ ኢምፑሪቲ ሳሳድድ ሦስት ቀን አቃጥያለሁ። ሳምፕሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን ነበር። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 418.6 ነው፤ በፖዘቲቭ ሞድ አንድ ፕሮቶን ሲጨመርበት 419 ላይ እጠብቀዋለሁ። በ238 ናኖሜትር የዩቪው ፒክ እንደ መርፌ ቀጥ ብሏል። ስፔክትረሙን ስከፍት ግን 419 ድንክ ሆኖ፣ 441 ከበላዩ ተገትሯል።

በ22 የሚበልጥ ባዕድ ነገር ገባ ብዬ ሞባይል ፌዙን ቀየርኩ፣ ኮለሙን አጠብኩ፣ ሳምፕሉን እንደ አዲስ አዘጋጀሁ። 441 ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ የላቡ አንጋፋ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ስክሪኑን አንዴ አይተው «ልጄ፣ ሶዲየም እኮ ነው» አሉኝና ቡናቸውን ይዘው ሄዱ። ሶዲየም 23፣ ፕሮቶን 1፤ ልዩነቱ 22። ከጠርሙሱም ከሶልቨንቱም ሊመጣ ይችላል፤ ሲምቫስታቲን ደግሞ ሶዲየም ሲያገኝ አይለቅም።

ማድረግ የነበረብኝ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ዳታው በፉል ስካን የተሰበሰበ ከሆነ፣ ኤምፓወርም ሆነ ሌላው ሶፍትዌር የአንድን ማስ ክሮማቶግራም ለብቻው ያወጣላችኋል። 419ን አውጡ፣ 441ን አውጡ፣ ደርባችሁ እዩ። አብረው ተነሥተው፣ በአንድ ጊዜ ጫፍ ደርሰው፣ አብረው ከወረዱ ያው አንዱ ሞለኪውል ነው፣ ልብስ ቀይሮ የመጣ። አንዱ ቀደም ወይም ዘግየት ካለ ግን ወንበራችሁን ሳቡ፣ ሥራ አለ።

የጠቅላላ አዮኑን ክሮማቶግራም ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። የሞባይል ፌዙ ጫጫታ ሁሉ ስለሚደመርበት ትንሿን ፒክ ይውጣታል። ከፒኩ በፊት ያለውን የቤዝላይን ስፔክትረም ቀንሱና፣ ፒኩን ሦስት ቦታ ላይ ክፈቱት፦ መውጫው፣ ጫፉ፣ መውረጃው።

ለምን መሰላችሁ? ሲምቫስታቲን ሎቫስታቲን የሚባል ዘመድ አለው፤ የሚያንሰው በአንድ ካርቦንና በሁለት ሃይድሮጅን፣ ማለትም በ14 ነው። ብርሃን የሚመጥጠው ክፍላቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የዩቪ ስፔክትረማቸው መንታ ነው። ተደራርበው ከወጡ የዩቪው የፒክ ንጽሕና ፈተና «ንጹሕ» ብሎ ሊያሳልፋቸው ይችላል። ማሱ ግን መውጫው ላይ 405ን እና ከሶዲየም ጋር የተጣበቀውን 427ን ያሳያችኋል። ለእኔ ማስ ዲቴክተር ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ኢንቲግሬሽን ላይ ብዙ አልልም። ፈሳሹ ዩቪውን አልፎ ማሱ ጋ ለመድረስ ትንሽ ስለሚዘገይ፣ ልዩነቱን ሶፍትዌሩ ውስጥ አስተካክሉ። የማስ ቤዝላይን ሻካራ ስለሆነም ስሙዚንግ ያስፈልገዋል፤ ግን ለስታንዳርዱ የሰጣችሁትን ያንኑ ለሳምፕሉ ስጡ። በእጅ ኢንቲግሬት ካደረጋችሁ ምክንያቱን ጻፉ፤ ኦዲት ትሬይሉ አይረሳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማሱም ይሳሳታል። በሜትፎርሚን ውስጥ ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችለው ኤንዲኤምኤ ሲፈለግ፣ ዲኤምኤፍ የተባለው ሶልቨንት አብሮት ስለወጣ መጠኑ ከእውነተኛው በላይ የተነበበበት ጊዜ ነበር፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች ይህን በ2020 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። የኤንዲኤምኤ አዮን 75.055 ነው። የዲኤምኤፍ ናይትሮጅን-15 አይሶቶፕ ደግሞ 75.057። ያ የሆነው ከፍተኛ ሪዞሉሽን ባላቸው መሣሪያዎች ነው፤ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚለየው የእኛ ነጠላ ኳድሩፖል ማስ ዲቴክተርማ ሁለቱንም 75 ብሎ ያልፋቸዋል፤ መለየት ያለበት ኮለሙ ነው።

እናንተ ጋ በሶዲየም የተሸወደ አለ? ኮሜንት ላይ ቁጥሩን ጣሉልኝ፣ አብረን እንፈታዋለን።