ማርና ጨው የተገናኙበት የመፀው ቆሎ

ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ፣ ገብሱ ታጭዶ ወደ ውድማ ሲገባ፣ ከቀፎው አዲስ ማር ሲቆረጥ የመፀው መግባት በየጓዳው ይታወቃል። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 የሚዘልቀው ይህ ወቅት የእሸትና የአጨዳ ጊዜ ነው። አርሶ አደሩ የድካሙን ፍሬ የሚያይበት፣ ከተሜውም አዲስ እህል ከገበያ የሚሸምትበት ወቅት ነው።

ይሁን እንጂ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይዘውት የሚሄዱት፣ ለእንግዳም የሚቀርበው መክሰስ በብዙ ቤት ከሱቅ የተገዛ የታሸገ ብስኩት እየኾነ መጥቷል። ገብስና ኦቾሎኒ ሸጦ ብስኩት ገዝቶ የሚመለስ ቤተሰብም አይጠፋም። ከዚያው ምርት ላይ ጥቂቱን አስቀርቶ ጣፋጭና ጨዋማ ጣዕምን ያዋሐደ ቆሎ በቤት ማዘጋጀት ይቻላል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ከግማሽ ቀን ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የእህሉ ድርቀት ነው። በደንብ ያልደረቀ እህል የቆሎውን ጣዕም ከማበላሸት አልፎ የቤተሰብን ጤና ይጎዳል።

ከስንቅ እስከ ቡና ቁርስ

ቆሎ በሀገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው ምግብ ነው። ሳይበላሽ ስለሚቆይና ለመያዝ ስለሚቀል መንገደኛው ስንቁ አድርጎት ኖሯል። ከወላጆቹ ርቆ በአብነት ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ «የቆሎ ተማሪ» መባሉም ከዚሁ ምግብ ጋር ያለውን ትስስር ያሳያል። ዛሬም ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ የሚቀርበው የቡና ቁርስ በአብዛኛው ቆሎ ነው።

ቆሎ ሲደባለቅ ጥቅሙ ይጨምራል። ገብስና ስንዴን የመሰሉ የብርዕ ሰብሎች ኀይል ሰጪ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ፕሮቲን ግን ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል። ሽምብራና አተርን የመሰሉ ጥራጥሬዎች ደግሞ በላይሲን የበለጸጉ ናቸው። ሁለቱ በአንድ እፍኝ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ኦቾሎኒ፣ ሱፍና ሰሊጥ ቅባት ይጨምሩበታል። ቀድሞም እናቶች ገብሱን ከሽምብራ፣ ሽምብራውን ከሱፍ ሲያደባልቁ የኖሩት ለጣዕም ብቻ አልነበረም ማለት ይቻላል።

እህሉን መምረጥ

ለቆሎ የሚመረጠው ገብስ ፍሬው ሞላ ያለና ገለባው በቀላሉ የሚለቅ ነው። «ሰነፍ ቆሎ» እየተባለ የሚጠራው የገብስ ዓይነት ተመራጭ የኾነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በከተማ የሚኖር ሰው የተፈተገ ገብስ ከገበያ ቢገዛ ድካሙ ይቀልለታል።

ሽምብራ ከገብስ ዘግይቶ የሚሰበሰብ ሰብል ስለኾነ በመፀው ገበያ ላይ የሚገኘው ደረቅ ሽምብራ ያለፈው ዓመት ምርት ነው። ስለዚህ ነቀዝ የበሳው ወይም ዱቄት የሚረግፍበት አለመኾኑን በእፍኝ ይዞ ማየት ይገባል። ኦቾሎኒ፣ በአንዳንድ አካባቢ አጠራር ለውዝ፣ ግን ሰሞኑን ከመሬት የወጣ ሊኾን ይችላል። የደረሰና የደረቀ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ሲወዘወዝ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል፤ የማይንኳኳው ገና ፀሐይ ይፈልጋል። ለመፈልፈል እንዲመች ተብሎ በኦቾሎኒ ላይ ውሃ መርጨት ፈጽሞ የማይመከር ልማድ ነው፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ እርጥበት ነውና።

በለቀማው ጊዜ ጓያ ከአተር ወይም ከሽምብራ ጋር ተደባልቆ እንዳይገባም መጠንቀቅ ይገባል። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን ለሽባነት የሚዳርግ ንጥረ ነገር አለው። ልጆች በየቀኑ በሚበሉት ቆሎ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ሻጋታን እንደ ቀላል አለማየት

እርጥበት ባለው እህል ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። ኦቾሎኒና በቆሎ ለዚህ መርዝ በእጅጉ የተጋለጡ ናቸው። መርዙ በብዛት ከተወሰደ በአጭር ጊዜ ጉበትን ይመርዛል፤ በትንሽ በትንሹ ለዓመታት ከተወሰደ ደግሞ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2004 በጎረቤት ኬንያ በዚህ መርዝ የተበከለ በቆሎ የበሉ ከ300 በላይ ሰዎች ታመው ከ100 በላይ የሚኾኑት ሕይወታቸው አልፏል።

ብዙዎች «እሳት ሁሉን ያጠፋል» በሚል እምነት የሻገተውን እህል ቆልተው ይበሉታል። ይህ ስሕተት ነው። ቆሎ የሚቆላበት ሙቀት ሻጋታውን ቢገድለውም መርዙን ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። ስለዚህ የጠቆረ፣ የተጨማደደ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ ያለበት፣ ሲቀምሱት የሚመር ፍሬ ሁሉ ተለቅሞ መጣል አለበት። ለላም መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ መርዙ በወተት በኩል ተመልሶ ወደ ቤተሰቡ ይመጣል።

የእህሉን ድርቀት ለመገመት መሣሪያ የሌለው ሰው በጨው ሊፈትሽ ይችላል። ደረቅና ንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ እስከ ሲሶው እህል ይጨመርበታል። በፀሐይ በደንብ የደረቀ ደቃቅ ጨው ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይታከልበትና ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ ያህል በኀይል ይወዘወዛል። ከዚያም 15 ደቂቃ ይቆያል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ስለኾነ ገና መሰጣት አለበት። ጨው ሳይጣበቅ ወደ ታች ከወረደ እህሉ ከዚያ መጠን በታች ደርቋል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ለገብስና ለሽምብራ ይረዳል። የተፈለፈለ ኦቾሎኒ ግን ከ7 እስከ 8 በመቶ ድረስ መድረቅ ስላለበት ጨው ባይጣበቅም ተጨማሪ ፀሐይ ቢያገኝ ይመረጣል። ሲሰጣም ከመሬት ላይ ሳይኾን በሸራ ወይም በአልጋ መልክ በተሠራ ከፍታ ላይ መኾን አለበት።

የሚያስፈልገው መጠን

ለአንድ ቤተሰብ የሚከተለው ይበቃል፦

• የተፈተገ ገብስ፦ 4 ኩባያ
• ሽምብራ፦ 2 ኩባያ
• የተፈለፈለ ኦቾሎኒ፦ 1 ኩባያ
• ሱፍ፦ ግማሽ ኩባያ
• ሰሊጥ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ
• ማር፦ 3 የሾርባ ማንኪያ
• የምግብ ዘይት፦ 1 የሾርባ ማንኪያ
• ጨው፦ 2 የሻይ ማንኪያ ገደማ፤ ከዚህ ግማሹ ሽምብራው ከተዘፈዘፈበት ውሃ ጋር በአብዛኛው ተደፍቶ ይሄዳል
• በርበሬ፦ ለሚወድ ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ

በአካባቢው የማይገኘውን መተው ወይም በሌላ መተካት ይቻላል። ሽምብራ በአተር፣ ገብስም በስንዴ ቢተካ ጣዕሙ ይለያይ እንጂ አሠራሩ አይለወጥም።

አቆላሉ

የመጀመሪያው ደንብ እያንዳንዱን እህል ለየብቻ መቁላት ነው። ፍሬዎቹ በመጠን፣ በእርጥበትና በቅባት ስለሚለያዩ አብረው ምጣድ ላይ ከወጡ ሽምብራው ሳይበስል ሰሊጡ ያራል።

ሽምብራው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በሟሟበት ሙቅ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ከዚያ ውሃው ይደፋና ፍሬው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ላዩ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጨው ወደ ፍሬው ይገባል፤ ሽምብራውም ሲቆላ ፈካ ይላል። በመካከለኛ እሳት ምጣድ ላይ በማመሻ ሳያቋርጡ እያመሱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መቁላት ይበቃል።

ገብሱ በጋለ ምጣድ እየታመሰ ቀላ እስኪልና መንጣጣት እስኪጀምር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆላል። ሊወጣ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ይረጭበታል። ውሃው ወዲያው ተንኖ ጨው በፍሬው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እስኪደርቅ ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ይታመሳል።

ኦቾሎኒ ቅባት ስላለው ለስ ያለ እሳት ይፈልጋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከተቆላ በኋላ ሲቀዘቅዝ በመዳፍ ታሽቶ በሰፌድ ቢነፋ ቀዩ ልጣጭ ይለቃል። ሱፍ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ ሰሊጥ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃቸዋል። በከተማ ምድጃ ያለው ሰው በትሪ ላይ ስስ አድርጎ አሰጥቶ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በየመሐሉ እያገላበጠ ሊቆላው ይችላል።

ትኩስ ቆሎ ለስለስ ቢል ያልበሰለ መስሎ ሊያታልል አይገባም። ሁለት ሦስት ፍሬ አውጥቶ አቀዝቅዞ መቅመስ ነው፤ ቆሎ የሚኮረሸመው ሲቀዘቅዝ ነው።

ማሩ መቼ ይገባል?

ጨው ከመጀመሪያው ከእህሉ ጋር ሊሄድ ይችላል። ማር ግን መግባት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ማር ፈጥኖ ስለሚያር ጥሬ እህል ላይ ፈስሶ ቢቆላ ምሬት ያመጣል።

ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ማሩን ለሁሉም እህል አለማዳረስ ነው። የተቆላው ኦቾሎኒ፣ ሰሊጡና አንድ ኩባያ ያህል ገብስ ለማሩ ይለያል። ሽምብራው፣ ሱፉና የቀረው ገብስ ጨዋማ ኾነው ይቀራሉ። በዚህ መንገድ በእያንዳንዱ እፍኝ ውስጥ ሁለቱም ጣዕም ይገኛል። ማሩም በጥቂቱ ይበቃል።

ማሩና ዘይቱ በትንሽ ድስት በለስላሳ እሳት ይሞቃሉ። ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለሚወድም በርበሬው ይታከላል። ጥቂት ጨው የማሩን ጣፋጭነት ይበልጥ ያጎላዋል። ማሩ አረፋ ማውጣት ሲጀምር የተለየው እህል ይገባበትና ፍሬ ሁሉ እስኪለበስ ይማሰላል። ከዚያ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ስስ ኾኖ ይዘረጋል። በምድጃ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ ወይም ፍሙ በተቀነሰ ምጣድ ላይ እያገላበጡ እንዲደርቅ ይደረጋል። ትኩስ ሳለ ይጣበቃል፤ ሲቀዘቅዝ በእጅ እየፈረፈሩ መለያየት ይቻላል። በጋለ ማር ጣት በቀላሉ ስለሚቃጠል በዚህ ጊዜ ልጆችን ከአጠገብ ማራቅ ይገባል።

አቀማመጥ

ቆሎው እንፋሎቱ ሳይወጣ ከተከደነ ውስጡ ላብ ያወጣል፤ ላቡም ሻጋታን ይጠራል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ሳይከደን መቆየት አለበት። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ተደርጎ ከፀሐይ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

ማር እርጥበትን ከአየር የመሳብ ጠባይ ስላለው ማር የለበሰው ቆሎ ቶሎ ይለሰልሳል። ጨዋማውና ጣፋጩ በተለያየ ዕቃ ተቀምጠው ሲቀርቡ ብቻ ቢደባለቁ የተሻለ ነው። ጨዋማው በደንብ ከደረቀ ለሳምንታት ይቆያል። ጣፋጩን ግን ለአንድ ሳምንት በሚበቃ መጠን ብቻ ማዘጋጀት ይመረጣል። ያረጀ ዘይት የሚሸት ወይም የእርጥበት ሽታ ያለው ቆሎ አይበላም።

ለማን ይሰጥ? ለማን አይሰጥ?

ኦቾሎኒና ሽምብራ የሕፃናትን የአየር ቧንቧ ሊዘጉ ስለሚችሉ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች በሙሉ ፍሬው መስጠት አደገኛ ነው። ለእነሱ ተፈጭቶ በገንፎ ወይም በአጥሚት ቢገባ ይሻላል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር በምንም መልክ አይሰጥም፤ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ የኾነ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላልና። ኦቾሎኒ ሲበላ ሰውነቱ የሚያብጥ፣ የሚያሳክከው ወይም የሚያፍነው ሰው ቆሎው ያለ ኦቾሎኒ ሊዘጋጅለት ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመክራል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨዋማውን፣ የስኳር ሕመም ያለበት ደግሞ ማር የለበሰውን መቀነስ አለበት። በቤት የተዘጋጀ ቆሎ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ የጨውና የማሩን መጠን የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ነው።

አዲሱ እህል ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት ከላዩ ጥቂት ቁና ለቤተሰቡ ቆሎ ማስቀረት ለማንም አይከብድም። በጠርሙሱ ላይ ጨው ከተጣበቀ ግን ምጣዱ መጣድ የለበትም። ሁለት ሦስት ቀን ተጨማሪ ፀሐይ ይሰጠውና እንደገና ይፈተሽ። የሻገተውንም እፍኝ ሳይሳሱ መጣል ይገባል፤ የተቀረው የሚበላው በልጆች ነውና።