የቤታችን መስታወት ምን ዓይነት ነው?

ባለፈው የዒድ ዕለት ዘመድ ልንጠይቅ ከሄድንበት ቤት የተመለስነው ደንግጠን ነው። የስድስት ዓመቱ የቤቱ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ሲሯሯጥ ወደ በረንዳ የሚያስወጣው የመስታወት በር የተከፈተ መስሎት በሩጫ ገባበት። መስታወቱ እንደ ጩቤ እየሾለ ተሰባበረ፤ የልጁም ክንድ ክፉኛ ተቆረጠ። አልሐምዱሊላህ፣ ተሰፍቶለት ድኗል። አባትየው በማግሥቱ የነገረን ግን ከአእምሯችን አልጠፋም። «ጠንካራ ይሁን ብዬ እኮ ባለ 6 ሚሊውን ነበር የገዛሁት» አለን።

መስታወት ቤት ስንገባ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሚሊው ስንት ነው? ዋጋውስ? ዓይነቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወፍራም መስታወት በቀላሉ አይሰበር ይሆናል፤ ተራ መስታወት ከሆነ ግን ቀጭንም ሆነ ወፍራም፣ ከተሰበረ ስብርባሪው ያው ስለት ነው።

መስታወት ዓይንን ማታለሉ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በሱረቱ ነምል (27፡44) እንደተወሳው የሰበእ ንግሥት ወደ ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ሕንፃ ስትገባ ከመስታወት የተሠራው ጥልቅ ውሃ መስሏት ልብሷን ሰብስባለች። ለንግሥቲቱ ውሃ የመሰላት ለሕፃኑ ባዶ አየር መሰለው።

ተራው መስታወት ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ ተቀላቅሎ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ይቀልጣል። የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ይፋ ባደረገው ዘዴ፣ የቀለጠው መስታወት ቲን በተባለ የቀለጠ ብረት ላይ ዘይት በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ተንሳፎ ይረጋል። ዛሬ በየመስኮታችን ያለው ልሙጥ መስታወት በአብዛኛው የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ለበር የሚሆነው ግን ቴምፐርድ የሚባለው ነው። ይህ ተራው መስታወት በልኩ ከተቆረጠ በኋላ ከ600 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ተደርጎ ከሁለቱም ወገን ብርቱ አየር የሚነፋበት ነው። ላዩ ፈጥኖ ይረጋል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር ላዩን አጥብቆ ይይዘዋል። በዚህም ከተራው አራት አምስት እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ቢሰበርም እንደ ባቄላ ፍሬ ደቅቆ ይረግፋል እንጂ እንደ ጩቤ አይሾልም። ደካማ ጎኑ ጠርዙ ነው፤ ጠርዙን በሹል ነገር የተመታ እንደሆነ ሙሉው በአንዴ ይፈርሳል። አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላም አይቆረጥም፣ አይበሳም። እንግዲህ ሻጩ «ቴምፐርድ ነው» ብሎ እዚያው ፊታችን በአልማዝ ቢቆርጥልን፣ የሸጠልን ተራውን መሆኑን እንወቅ።

ላሚኔትድ የሚሉት ደግሞ ሁለት መስታወት በመካከላቸው የፕላስቲክ ልባስ ገብቶ የተጣበቁበት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ቤኔዲክቱስ፣ ውስጡ ፈሳሽ ደርቆበት የቀረ የላቦራቶሪ ጠርሙስ ወድቆ ቢሰነጠቅም ሳይበታተን መቅረቱን አይቶ እንዳሰበው ይነገራል። የመኪና የፊት መስታወት ከዚህ ወገን ነው። ለደረጃ መደገፊያ፣ ለበረንዳ አጥርና ለጣሪያ ይህ ይሻላል፤ ቢሰነጠቅም ከልባሱ ጋር ተጣብቆ ይቆያልና።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ውስጡ የሽቦ መረብ ያለበት መስታወት ነው። ብርቱ ይመስላል እንጂ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ተራ መስታወት ይልቅ ደካማ ነው። ሽቦው የሚጠቅመው በእሳት ጊዜ የተሰነጠቀው እንዳይረግፍ ለመያዝ ነው። ሰው በእጁ ከበሳው ግን ሽቦው ራሱ ሥጋ ይቆርጣል።

ሁለት መስታወት በመካከላቸው አየር ታሽጎ የሚሠራው መስኮት ብርድ ለበዛበት አገር የተበጀ በመሆኑ አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ያውቁታል። አንጸባራቂውን መስታወት በተመለከተ ግን ለእናቶችና ለእህቶች አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። «ከውጭ አያሳይም» ተብሎ የሚሸጠው ቀን ላይ፣ ውጭው ከቤቱ ይልቅ ብሩህ ሲሆን ነው። መሽቶ መብራት ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ እኛ ወደ ውጭ ማየት ያቅተናል፣ መንገደኛው ግን ቤታችንን ወለል አድርጎ ያያል። ስለዚህ መጋረጃውን አናውርደው።

በእንግሊዝ አገር የሕንፃ መመሪያ በበርና በበር ዳር ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ከ50፣ በሌላ ቦታ ደግሞ እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ያለ መስታወት ሲሰበር ሰው የማይጎዳ ዓይነት እንዲሆን ወይም መከለያ እንዲደረግለት ያዛል። ልጅ የሚወድቀውና የሚጋጨው በዚያ ከፍታ ነውና እኛም ቤታችንን በሜትር ለክተን ብናይ አይከፋም። መስታወቱን ሁሉ መለወጥ ከአቅም በላይ ለሆነበት ቤተሰብ፣ ስብርባሪውን አጣብቆ የሚይዝ ለደኅንነት የተሠራ ግልጽ ፕላስቲክ በላዩ ማስለጠፍ፣ የበሩን የታችኛውን ግማሽ በእንጨት ወይም በላሜራ መተካት፣ ቢያንስ በልጆች ዓይን ትክክል ደመቅ ያለ ወረቀት መለጠፍ ይቻላል።

ያ ዘመዳችን በሩን በቴምፐርድ አስለወጠ። ዋጋው ከተራው በጣም የበለጠ ሲሆን፣ በኋላ አይቆረጥምና ሠራተኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ ለካ። ልጁ አዲሱ በር ላይ በገዛ እጁ የሳለውን ቢጫ ጨረቃ ለጥፎበታል።