ካረጡ በኋላ ብረት ማንሳት
የወር አበባ ሲቋረጥ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አሮጌ አጥንት የሚያፈርሱት ሴሎች አዲሱን ከሚገነቡት ይፈጥናሉ፣ አጥንቱም ይሳሳል። የተለመደው ምክር የእግር ጉዞ ነው። ጉዞ ለልብ መልካም ቢሆንም ለአከርካሪ አጥንት ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም፤ አጥንት የሚጠነክረው ካልለመደው ጫና ጋር ሲገናኝ ነው፣ እርምጃን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

የአውስትራሊያው ግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያረጡና የአጥንት ጥግግታቸው የቀነሰ 101 ሴቶችን በሁለት ቡድን መድበው ነበር። አንደኛው በአሰልጣኝ ክትትል በሳምንት 2 ጊዜ ለ30 ደቂቃ ከባድ ብረት አነሳ፣ ዘለለም፤ ሌላው ቤቱ ሆኖ ቀላል እንቅስቃሴ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከ8 ወር በኋላ የብረት አንሺዎቹ የወገብ አጥንት ጥግግት በአማካይ 2.9 በመቶ ሲጨምር የሌሎቹ 1.2 በመቶ ወረደ። ቁጥሩ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን በዚህ ዕድሜ አለመቀነሱ ራሱ ትርፍ ነው፣ የጠነከረ ጡንቻም መውደቅን ይከላከላል። «የሳሳ አጥንት ብረት ሲያነሳ ቢሰበርስ?» የሚለው ስጋት ይበልጥ ያሳስባል። በጥናቱ በሥልጠናው ምክንያት የተመዘገበው ጉዳት የአንዲት ተሳታፊ ቀላል የወገብ ሕመም ብቻ ነበር። ሴቶቹ ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ መጀመሪያ አነሳሱን በቀላል ክብደት ተምረው ነው ቀስ በቀስ የጨመሩት። አከርካሪዋ ቀድሞ የተሰበረ ሴት ደግሞ ከጂም በፊት ሐኪሟን ታማክር።